ወርቅ የሌለው ሰም

ጎጃም፣ ደጀን ላይ በእንግድነት ወደ አንድ ቤት የገባ ሰው፣ «ኖር!» ተብሎለት «በእግዜር» ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል የእመቤታችንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ይኖራል። ዝቅ ብሎ የልጆች የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ከበሩ ጎን ደግሞ ባንክ ያደለው ቀን መቁጠሪያ። ከእነዚህ ሌላ ማንም ሥዕል ብሎ የማይቆጥራቸው ነገሮች ተሰቅለዋል፤ በቀይና በአረንጓዴ አለላ የተሰፋ ሰፌድ፣ በቆዳ የተለበጠ አገልግል፣ ሙዳይ። በዚያ ሰፌድ እህል አንፍሶ የሚያውቅ የለም። አገልግሉም ስንቅ ይዞ መንገድ ወጥቶ አያውቅ ይሆናል። የቤቱ እመቤት ገና ሲሰፉ ጀምራ ለግድግዳ ያሰበቻቸው ናቸው።

ከሥራው የተነጠለ ዕቃ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። የደጀን እመቤቶች ይህን ያወቁት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ተራውን ነገር እንደ ሕልም ከቦታው አንሥተው የሚያሳዩት፣ ሱሪያሊስቶች የተባሉት የፓሪስ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ግን ለዚሁ ነገር ማኒፌስቶ ጽፈውለታል፣ ተጣልተውበታል፣ ዓለምንም አስደንግጠውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1936 ሜሬት ኦፐንሃይም የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በፓሪስ ካፌ ደ ፍሎር ከሠዓሊው ፒካሶና ከፎቶግራፍ አንሺዋ ዶራ ማር ጋር ተቀምጣ ታወጋ ነበር። እጇ ላይ ያደረገችው አምባር በፀጉር የተለበጠ ነበርና ጨዋታው ከእሱ ተነሣ፤ ፒካሶ በፀጉር የማይለበጥ ነገር የለም አለ፣ እሷም ሲኒውና ማስቀመጫውም ጭምር ስትል መለሰች። ብዙም ሳትቆይ ከሱቅ ሲኒ ከነማስቀመጫው ከነማንኪያው ገዝታ የሚዳቋ ፀጉር አለበሰቻቸው። ያ ሲኒ ዛሬ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም (ሞማ) ንብረት ነው። ሌላ አገር ያለ ተመልካች ሲኒውን አይቶ ይስቅ ይሆናል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስቴ የሚጠጣ የጎጃም ሰው ግን መጀመሪያ የሚሰማው ነገር ከንፈሩ ላይ ነው። ፀጉሩ አፉ ውስጥ የገባ ያህል ይዘገንነዋል። አርቲስቷ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ሰው በየቀኑ የሚይዘውን ዕቃ እንደገና፣ ያውም በሰውነቱ እንዲያየው።

የዚህ ዓምድ ነገር አንድ ነው። ሱሪያሊዝም ለሙዚየም ብቻ የተፈጠረ፣ ለሀብታም ቤት ብቻ የሚሆን የውጭ ጣጣ አይደለም። በተለይም የዕቃ ሥዕል፣ ማለትም ሠዓሊዎች ስቲል ላይፍ የሚሉት ዓይነት፣ ከሱሪያሊዝም ጋር ሲጋባ ቦታው ሰው የሚበላበትና ቡና የሚጠጣበት ቤት ነው። የጎጃም ቤት ለዚህ ሥዕል ግማሹን መንገድ ሄዶለታል። ቀሪውን ግማሽ መሄድ ያለባቸው ሠዓሊዎቹና ሥዕል ገዢዎቹ ናቸው።

በአውሮፓም ቢሆን የዕቃ ሥዕል የተከበረ ዘርፍ አልነበረም። አንድሬ ፌሊቢያን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1667 የሥዕል ዓይነቶችን በማዕረግ ሲደረድር ታሪክንና ሃይማኖትን ላይ አስቀምጦ፣ ፍራፍሬና ዕቃን ከታች ጣላቸው። የእኛ የሥዕል ባህል ደረጃ አውጥቶ ባይጽፍም በተግባር ከዚህ የራቀ አይደለም። በግብር ሥዕሎች ላይ ብርሌው አለ፣ ዋንጫው አለ፣ ጋኑ አለ፤ ሁሉም ግን ንጉሡንና መኳንንቱን ለማጀብ የተቀመጡ ናቸው። በዐድዋ ሥዕል ላይ ጋሻና ጦር ሞልቷል፣ ሰው ያልያዘው ጋሻ ግን እምብዛም አይታይም። ጀበና ብቻውን፣ ቡና የምታፈላው ሴት ሳትኖር፣ ለራሱ ሲል የተሣለበት አሮጌ ሥዕል መፈለግ አድካሚ ነው። ዕቃ በሥዕላችን ውስጥ ሎሌ ሆኖ የኖረ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን የለውም።

አሁን በየከተማው በሸራ ላይ እየታተመ የሚሸጠው የጀበናና የረከቦት ሥዕል ይህን ጉድለት ሞልቶታል የሚል ይኖራል። አልሞላውም። ጀበናው ያብለጨልጫል፣ ጭሱ በኮምፒዩተር ተስተካክሎ ይጥመለመላል፣ ፈንዲሻው እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ ሥዕሉ ግን ስለ ጀበና የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ታይቶ ሁለተኛ የማይታይ ሥዕል ግድግዳ ይሸፍናል እንጂ ቤት አያጫውትም።

ሥዕል ቤት ሲያጫውት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ ቤልጂየም መሻገር ያስፈልጋል። ሱሪያሊስቱ ሠዓሊ ረኔ ማግሪት (1898–1967 እ.ኤ.አ.) ከ1930 እስከ 1954 በብራስልስ ዣት ሰፈር፣ በኤሰገም ጎዳና ቁጥር 135 ይኖር ነበር። ቤቱ ተራ የተከራይ ቤት ነው። አትክልት ቦታው ውስጥ የሥራ ክፍል ቢኖረውም እዚያ የሚሠራው ለእንጀራ የሚሆነውን የማስታወቂያ ሥራ ነበር፤ ሥዕሎቹን የሣለው የመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። የዚያ ቤት መስኮትና የእሳት ማንደጃ ደጋግመው ሥዕሎቹ ውስጥ ይገባሉ። ማበጠሪያ፣ ብርጭቆ፣ ክብሪት፣ የፂም መላጫ ብሩሽ፤ የማግሪት ዓለም ከእነዚህ ውጪ ብዙ ዕቃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1952 በሣለው አንድ ሥዕል ማበጠሪያው አልጋውን አክሎ አልጋው ላይ ቆሟል፣ ብርጭቆው የቁም ሣጥን ያህላል፣ የክፍሉ ግድግዳ ደግሞ ደመና ያለበት ሰማይ ነው። ሥዕሉ የተላከለት የኒውዮርክ ነጋዴው አሌክሳንደር ኢዮላስ፣ እንዳሳመመው ገልጾ ለሠዓሊው ጻፈ። ማግሪት ግን አልተቀየመም፤ ምንም አስፈሪ ነገር የሌለበት፣ የቤት ዕቃ ብቻ የተሣለበት ሸራ ነጋዴን ካሳመመ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ስለ አሰቃቀል ደግሞ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ሀብታም ኤድዋርድ ጄምስ ከማግሪት ሥዕል ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ማግሪት ከአንድ የቤት እሳት ማንደጃ ውስጥ ባቡር እየጨሰ ሲወጣ ሣለ። ከማንደጃው በላይ ሰዓትና ባዶ መቅረዝ ተቀምጠዋል። ሠዓሊው ሥዕሉ ከጄምስ ቤት ደረጃ ግርጌ ተሰቅሎ ወደ ላይ የሚወጣውን እንግዳ ሁሉ እንዲወጋው ፈልጎ ነበር። ጄምስ ግን ወስዶ ከራሱ የእሳት ማንደጃ በላይ ሰቀለው። ሠዓሊው እንግዳውን ሊያስደነግጥ አስቦ ነበር፤ ባለቤቱ ቤቱን ራሱን አስደነገጠ፤ ማንደጃ በማንደጃ ላይ ሆነ። የባለቤቱ ሐሳብ ይሻላል ማለት ይቻላል። ሥዕሉ ዛሬ ያለው በቺካጎ የጥበብ ተቋም ነው፤ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ የተማሩበት ተቋም ማለት ነው፤ ሥዕሉ ወደዚያ የገባው ግን እሳቸው አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ሌላውን ሱሪያሊስት ሳልቫዶር ዳሊን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀለጡት ሰዓቶቹ ሥዕል ነው። ያ ሥዕል ትልቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም። ለቤት ለሚያስብ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ሱሪያሊስት ሥዕል ትንሽ ሲሆን ይሻላል፤ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ ተጠግቶ እንዲያየው ያስገድደዋል። በስቲል ላይፍ በኩል የዳሊ ትልቁ ሥራ ግን እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው፣ አሁን ፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ ያለው ሥዕል ነው። ጠርሙሱ፣ ብርጭቆው፣ ቢላዋው፣ የፍራፍሬ ሳህኑ ሁሉ ከጠረጴዛው ተነሥተው አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። መነሻ ያደረገው ፍሎሪስ ቫን ስኾተን የተባለ የሆላንድ ሠዓሊ በ1617 የሣለውን፣ ምግብ የተደረደረበት ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ነው።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከኢትዮጵያዊት እናትና ከአርመናዊ አባት እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደ። በፓሪስ ሱሪያሊስቶቹን አወቀ፣ የፖል ክሌን ሥዕል አጠና፣ ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላምና ከቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ ሥራ ብዙ ወሰደ። በ1964 የሣለው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ሊባል የሚችለው ሥዕል ዛሬ በሰሜን ካሮላይና የጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ክንፍ ያላቸው፣ ጉጉት የሚመስሉ ፍጡሮች በከዋክብት መሐል ይንሳፈፋሉ። በዚያው ዓመት የሠራው ሌላ ሥዕል ሞማ ውስጥ አለ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021፣ የለንደኑ ቴት ሞደርን ደግሞ በ2022 ሱሪያሊዝም ከአውሮፓ ድንበር ውጪ የሄደበትን መንገድ በአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲያሳዩ ከኢትዮጵያ ያነሡት እሱን ነበር።

እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት አስተማረ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከ1972 እስከ 2001 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፣ በ2003 ዋሽንግተን ላይ ዐረፈ። የእሱን ሥራ ስቲል ላይፍ ማለት አይቻልም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ ፓሪስ የሰጠችውን ዓይን ይዞ ሲመለስ ያረፈው በክታብና በጠልሰም ላይ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ዘሪሁን የትምጌታም በዚያው መንገድ ገፍቶ፣ የቀርከሃ ስንጣሪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ በላያቸው ላይ ይሥላል፤ ጠልሰሙም፣ ጥልፉም፣ የአፍሪካ ጭንብሉም እዚያ ቀጭን እንጨት ላይ ይገናኛሉ። ቀርከሃ በእንጅባራና በአገው ምድር ደጋ ሞልቶ የተረፈበት ጎጃም ይህን ቁሳቁስ ለሥዕል አለማዋሉ ያስቆጫል።

ስለ ጠልሰም ለጎጃም አንባቢ ብዙ ማብራራት ድፍረት ነው። ይሁንና ከሥዕል አንጻር እንደገና ማየት ይገባዋል። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ብራና ወስዶ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥለዋል። በመሐሉ ጸሎት ይጽፋል፣ ከጸሎቱ መሐል ደግሞ ዓይን ይሥላል። ፊት የሌለው ዓይን፣ ከኮከብ መሐል የሚያፈጥ ዓይን፣ በገመድ በተጠላለፈ መረብ ውስጥ የተያዘ ዓይን። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ከደብተራዎች ጋር ዓመታት ሠርቶ እንደጻፈው፣ ክታቡ ለታማሚው ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ በሰውዬው ያደረው መንፈስ በሰውዬው ዓይን አሻግሮ ምስሉን ሲያይ ደንግጦ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያለ ሥዕል ቤት ውስጥ የሚሰቀለው ለማሳመር አይደለም፣ አንድ ነገር እንዲያደርግ ነው። በዚህ ረገድ የገጠሩ ደብተራና ማግሪት ባይተዋወቁም ይግባባሉ።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ዓይነቱን ክታብ እንደምታወግዝ ይታወቃል፤ ማንም በሥነ ጥበብ ስም ወደ ጠንቋይ ቤት ይመለስ የሚል ነገር እዚህ የለም። ቅዱሳት ሥዕላትም ከዚህ ጨዋታ ውጪ ናቸው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ሞልተውት ወደ ታች ሲያዩ፣ ከፊትና ከክንፍ በቀር አካል የላቸውም፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስባሪ እግር ክንፍ አውጥቶ ይሣላል፤ አርባዕቱ እንስሳ በዓይን የተሞሉ ናቸው። እነዚህን ሱሪያሊዝም ብሎ መጥራት ስድብም ስሕተትም ነው፤ የተሣሉት ከሕልም ሳይሆን ከእምነት ነው። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እነዚህን ሲያይ ያደገ ሰው፣ የሚበር ጀበና ቢያይ አንድ የፓሪስ ተመልካች እ.ኤ.አ. በ1924 የሱሪያሊስቶቹን መሪ የአንድሬ ብረቶንን ማኒፌስቶ ሲያነብ የደነገጠውን ያህል አይደነግጥም። ዓይኑ የሠለጠነ ነው።

የጎጃም ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ወርቁ የት አለ?»

የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ሰው ሰምና ወርቅን በሁሉም ነገር ውስጥ መፈለጉ አይፈረድበትም፣ እርግጥ ነው ነገሩ አሁን አሁን ለሆቴል ማስታወቂያ ሳይቀር እየዋለ አሰልችቷል። ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። ባለቅኔው ሰሙን የሚዘረጋው ወርቁን ይዞ ነው፤ መምህሩ ይፈታዋል፣ ደቀ መዝሙሩ ያደንቃል፣ ነገሩ ያበቃል። ሱሪያሊስቱ ሠዓሊ ግን ሰሙን ዘርግቶ ወርቁን አይሰጥም። ከማንደጃው የሚወጣው ባቡር ምን ማለት እንደሆነ ማግሪት ተጠይቆ የሚያረካ መልስ አልሰጠም፤ ሥዕሎቹን እንደ ምልክት የሚፈቱትን ሰዎች አይወድም ነበር። ለቤት የሚሻለውም ይህ ነው። ትርጉሙ የታወቀ ሥዕል በሁለተኛው ሳምንት ዝም ይላል። ያልታወቀው እንግዳ በመጣ ቁጥር ክርክር ያስነሣል፤ አባት አንድ ይላል፣ ልጅ ሌላ ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ሁለቱንም ይገለብጣል። ቅኔ ለሚወድ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ የምሽት ጨዋታ የለም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ለመሥራት ደጀን የጎደላት ነገር የለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ልክ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ተቀምጣለች። ከገደሉ ማዶ ካለችው ጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠመዘዛል፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በክረምት ጉም ከገደሉ ሲወጣ ማዶው ይጠፋል፣ ወዲህ ያለው አጥርና በሬ ብቻ በነጭ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዳሊ ዕቃዎቹን ለማንሳፈፍ ብዙ ደክሟል፤ ደጀን ላይ ጉሙ ራሱ ያንሳፍፋቸዋል።

ከጉሙ የሚበልጠው ግን ድንጋዩ ነው። የገደሉ ግድግዳ ባሕር የነበረ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ አገር በጨው ውሃ ተሸፍኖ ስለነበር፣ በኖራ ድንጋዩ ንብርብር ውስጥ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት ይገኛል። ገደል ሆኖ የቆመ የባሕር ወለል ማለት ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ነጭ ጤፍ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር። አንድ ሠዓሊ የዛጎሉን ቅሪት ከረከቦት ላይ፣ ከሲኒዎቹ መሐል ቢያስቀምጠው ምንም የፈጠረው ነገር የለም፤ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት እውነቶችን ነው ያገናኘው። የሱሪያሊዝም ጥሩው ዓይነት ይህ ነው። ጤፍ የሞላበት ቁና ውስጥ ዓሣ ቢዋኝ ደጀን ላይ ቅዠት አይደለም፣ ጂኦሎጂ ነው።

ሌላም አለ። በዚያው ገደል ውስጥ የጎሐ ጽዮን ንብርብር በሚባለው ቋጥኝ ውስጥ ጂፕሰም በብዛት አለ፤ የጀሶ ድንጋይ ማለት ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን የእንጨት ገበታውን ቀለም ከማስነካታቸው በፊት የሚለቀልቁት በጀሶና በሙጫ ነበር። በሸራ ፋንታ አቡጀዴ ወጥረው፣ ሙጫና ጀሶ አልብሰው የሚሥሉ ዛሬም አሉ። ቀለሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ጨርቁም፣ ልባሱም፣ የክፈፉ እንጨትም ከቅርብ ይገኛል፤ ጎጃም ውስጥ የሚሠራ ሥዕል ከታተመው ሸራ ጋር በዋጋ መወዳደር ባይችል እንኳ ሊደረስበት የማይቻል ነገር አይደለም።

ሥዕሉ ተገኘ እንበል። አሰቃቀሉ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። የውጭ ጋለሪዎች የሥዕሉን መሐል ከወለሉ 145 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም ጎብኚው ቆሞ ስለሚያይ ነው። በመደብና በበርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ዓይን ግን ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሥዕሉ ከ110 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን የተቀመጠው እንግዳ አንገቱን ሳያንጋጥጥ ያየዋል። የእኛ ቤቶች ግን ፎቶውን ሁሉ ጣሪያ ሥር ይሰቅላሉ፣ ልጅ እንዳይነካው ይሆናል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ምርጊቱ ምስማር አይዝም፣ በጣት መታ መታ አድርጎ ማገሩን ወይም ቋሚውን ማግኘት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ግድግዳው እርጥበት ስለሚስብ ከክፈፉ ኋላ በአራቱ ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ መለጠፍ ለአየር መተላለፊያ ይሆናል፤ ካልሆነ አቡጀዴው ከኋላው ይሻግታል።

ፀሐይ ሌላው ጠላት ነው። በየአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በአሥር በመቶ ገደማ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ደጀን ላይ በመስኮት የሚገባ የከሰዓት ፀሐይ ቀይና ቢጫ ቀለምን ከምናስበው ቀድሞ ያደበዝዛል። ስለዚህ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ጎን ይሰቀል። የዕጣንና የማገዶ ጭስ ደግሞ ቀስ በቀስ ቡናማ ልባስ ያለብሰዋል። ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሥዕሉን መግደል ነው። የምሥራቁ ግድግዳ ለጸሎት የተለየ ከሆነ እንደተለየ ይቆይ፤ የሚበር ምጣድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጎን ምን ያደርጋል? ቦታው ቡና ከሚፈላበት ፊት ለፊት ነው። ኤድዋርድ ጄምስ የእሳት ማንደጃውን ሥዕል ከእሳት ማንደጃው በላይ እንደሰቀለው፣ የጀበናው ሥዕልም እውነተኛው ጀበና ከሚጣድበት በላይ ሲሆን ሁለቱ ይጠያየቃሉ። ጭሱ እንዳያገኘው ግን ትንሽ ራቅ ይበል።

«ቤት ሰላም የሚፈልግ ቦታ ነው፤ የሚረብሽ ሥዕል ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለልጆች መኝታ ክፍል በፀጉር የተለበጠ ሲኒ ማንም አይመክርም። ግን መረበሽና ማስፈራት አንድ አይደሉም። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል በረሃ ላይ ያነሣቻቸው ተከታታይ ምስሎች ውስጥ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶች ውሃ መቅጃቸውን ይዘው በነጭ ጨው ላይ ቆመዋል። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም፤ ጄሪካኑ ብቻ ከሚገባው በላይ ይከብዳል። ውሃ ለመቅዳት የተጓዘ ሰው ያንን ክብደት ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሥዕል ቤት ውስጥ ቢኖር ሰላም አይነሣም፣ ዕቃውን ያስከብራል እንጂ።

አሁን በብዙ ቤት እንስራው በፕላስቲክ፣ ቁናው በኪሎ፣ ሰፌዱም በፋብሪካ ትሪ እየተተካ ነው። ማንም ሊያስቀረው አይችልም፣ የእንስራ ሸክም የቀረላት ሴትም ይቅርባት የሚል የለም። ነገር ግን የእነዚህ ዕቃዎች ማስታወሻ የሚሆኑት የሙዚየም መደርደሪያና የሠርግ ጌጥ ብቻ ከሆኑ ዕቃዎቹ ይሞታሉ። በሥዕል ውስጥ ከመጠናቸው ሲተልቁ፣ ከቦታቸው ሲነሡ፣ ያልተለመደ ጎረቤት ሲያገኙ ግን እንደገና ያስገርማሉ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ሥዕል ለቤትዎ ሲያስቡ ከሱቅ የታተመ ጀበና አይግዙ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ወጣት ሠዓሊ ይፈልጉ፤ የእናትዎን ጀበና በእጅዎ ይዘው ይሂዱና ሞዴሉ ይኸው ነው ይበሉት። መልኩን ይጠብቅ፣ ስንጥቁን አይሸፍን፣ የሚያስቀምጥበትን ቦታ ግን እሱ ይምረጥ። ቀብድ መስጠትዎንም አይርሱ።